የማዶ ጭሴ

ዑበይዱላህ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ የሽንኩርት መደባችንን እየዘለለ መጣ። እኔ የውሃ መሳቢያውን ሞተር አጥፍቼ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነበር።

«አንተ ኢስሃቅ፣ ዛሬም ወሬህ ከውሃው ጋር ነው? ተነስ፣ ፈልጌሃለሁ!»

አስራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን ነው የጨረስነው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አሁን እዚያው ያስተምራል። ዓረብ አገር ያሉ የወሎ ልጆች የሚጻጻፉትን መልእክት ፈቃዳቸውን እየጠየቀ፣ ስማቸውን እያጠፋ ሲሰበስብ ከርሟል። ኮምፒውተሩ ያን ሁሉ አበጥሮ የሚደጋገመውን አነጋገር ያወጣል፤ ዳታ ማይኒንግ ይሉታል። ጥናቱን አንድ የውጭ ጆርናል ሊያትምለት ነው።

«ማሻአላህ» አልኩት።

«ቆይ፣ አንድ ቃል ላይ ያዙኝ። የጆርናሉ ሰዎች ‹የአገሬው አነጋገር ነው ወይስ የሁለት ሰዎች የግል ቃል?› አሉኝ። ከእኛ ውስጥ ግጥም ግጥም የሚሸተው አንተ ነህ ብዬ መጣሁ።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«የማዶ ጭሴ፣ አንተን ሳላይ መች ይነጋልኛል።»

የምወዳት የሉብና ቤተሰቦች ቤት ከሐይቁ ማዶ ነው። ጠዋት ከማጀታቸው ጭስ ሲወጣ መነሳቷን አውቅ ነበር። «የማዶ ጭሴ» ያልኳት ለዚያ ነው። ዱባይ ከሄደችም በኋላ «የማዶ ጭሴ፣ አንቺን ሳላይ መች ይነጋልኛል» እያልኩ ጻፍኩላት። «እስክመጣ ፍቅራችንን ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስክሪኑ ላይ የተለወጠው «አንቺን» የሚለው «አንተን» መሆኑ ብቻ ነው።

«ማን ሰጠህ?»

«ስም አልናገርም፣ አማና ነው። ዱባይ ያለ የእኛው አገር ሾፌር ነው። እጮኛው ናት በየቀኑ የምትልክለት፤ ከረመዳን በኋላ ኒካህ አላቸው። እስቲ አሁን ወዳጁን ጭስ የሚል ማን አለ? አይኗን ሊያቃጥላት ነው?» ብሎ ሳቀ።

ማዶውን አየሁ። ከእነሉብና ቤት ጭስ ይወጣል። እናቷ ናቸው። እሷ ከሄደች ወዲህ ጠዋት ጠዋት እያየሁ የምጽናናው የእሳቸውን ጭስ ነበር ለካ።

«እህሳ? የግል ከሆነ ከጥናቱ አወጣዋለሁ። የአገሬው ከሆነ ይታተማል። ንገረኛ!»

የግል ነው ብል፣ የማንና የማን ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላዋን ግን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

«የአገሬው ነው» አልኩት። «ሁሉም ይለዋል።»

«ወላሂ በል!»

«ጻፍ ብዬሃለሁ።»

ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ሞተሩን አስነሳሁት።