የዳማ ምርቃት

የአባቷ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን ምሕረት ከቆሰበር በሚኒባስ ተሳፍራ ዳንግላ ወረደች። የምትፈልገው አሮጌ ስልክ ነበር። የማንም ይሁን የማን፣ መስታወቱ ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ ግድ የላትም፤ ውስጡ የአባቷ ምርቃት ከተገኘ ይበቃታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ወገኔ ፈረስ አዋቂ ነበሩ። ፈረስ ሲሸጡ የማይዘሏት አንዲት ሥርዓት ነበረቻቸው፤ ልጓሙን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው፣ ገዢውን ትክ ብለው እያዩ ይመርቃሉ። ገዢው «አሜን» ካላለ ልጓሙን አይለቁም። አንድ የጥሊሊ ነጋዴ ቸኩሎ ምርቃቱን ቢያቋርጣቸው ጊዜ፣ ብሩን መልሰው ፈረሳቸውን እየሳቡ ቤታቸው ገቡ። ሰው ሁሉ ሲስቅባቸው ከረመ፤ እሳቸው ግን ሳይመረቅ የወጣ ነገር እግሩ አይጠናም ባይ ነበሩ።

ምሕረት ኮሌጅ ገብታ ኮምፒዩተር ስትማር የስልክ ጌም ሠራች፤ ስሙንም በአባቷ ፈረስ «ዳማ» አለችው። ያኔ፣ በ2007 ዓ.ም. ገደማ፣ በእኛ አገር ጌም ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሰው ከስንት አንድ ነው። ሚሞሪ ከሚጭን ሱቅ ያስጭናል፣ ወይ ከጓደኛው በብሉቱዝ ይቀበላል። ምሕረትም ይህን አውቃ ጌሟን አሳነሰችው፤ ያለ ኔትዎርክ እንዲሠራም አደረገችው። ብልሃቱ ያለው ግን ፈረሱ ላይ ነው። ተጫዋቹ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳድገዋል፣ ይጋልበዋል፤ ፈረሱም ያረጃል፣ ጠባሳ ያወጣል። ባለቤቱ ሲፈልግ ለሌላ ስልክ ያስተላልፈዋል። ፈረሱ ከነጠባሳው ይሻገራል፤ ሰጪው ዘንድ ባዶ በረት ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ብቻ የአቶ ወገኔ ድምፅ ይሰማል። ተቀባዩ «አሜን» የምትለዋን ቁልፍ ካልነካ ፈረሱ አይሻገርም።

ድምፃቸውን የቀዳችው ከበረቱ ደጃፍ ነው። አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ድገሙልኝ ብትላቸው፣ «ምርቃት ዘፈን መሰለሽ?» ብለው ተነሡ።

ጌሙ በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ብዙ አገር አዳረሰ። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅትም ወሬውን ሰምቶ ጠራት። ያነጋገራት ሰው ትሑት ነው፤ ክፋት የለበትም። «በጣም ቆንጆ ሥራ ነው» አላት፤ «ግን አስቢው፤ አንድ ፈረስ በአሥር እጅ ከዞረ ዘጠኝ ፈረስ ሳይሸጥ ቀረ ማለት ነው።» ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፈረስ ከኢንተርኔት ይግዛ። ፈረሱም አያርጅ፤ የማያረጅ ፈረስ ያለው ሰው የሌላውን አይመኝም፣ የራሱንም አይሰጥም። ማስተላለፍ የሚባለው ነገር ይቅር።

ምሕረት ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። ሰውየው የተናገረው ሒሳብ ልክ ነው፤ እንጀራም ያስፈልጋታል። ማስተላለፊያውን ከጌሙ ቆርጣ አወጣችው። መተላለፊያው ሲቀር ምርቃቱ የሚገባበት ቦታ አጣና አብሮ ወጣ። ላፕቶፗ ሲሞላባት የድሮውን ሥራ ከነድምፁ አጠፋችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷንም አላወቀችም።

ይባስ ብላ የአባቷ ስልክ ላይ የነበረውን ጌም በገዛ እጇ በአዲሱ ተካችላቸው። አቶ ወገኔ መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፣ ፈለጉ።

«ዳማን ለጎረቤቴ ልሰጠው ነበር። መውጫው የት አለ?»

«አሁን እንደዚያ አይደለም አባባ። ሁሉም የየራሱን ነው የሚገዛ።»

«ምርቃቱስ?»

«ወጥቷል።»

«ሳይመረቅ የሚሸጥ ፈረስ?»

«ጌም እኮ ነው አባባ!» ብላ ሳቀች። አብረዋት አልሳቁም። ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጡት፤ ዳግመኛም አልነኩት።

በወሩ ድርጅቱ አዲሱን ጌም ሲያስመርቅ እሷ አዲስ አበባ ነበረች። አባቷ ታመው በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ወንድሞቿና እህቶቿ አንድ በአንድ እየተጠሩ፣ የአባታቸው እጅ በራሳቸው ላይ ተጭኖ ተመረቁ። ምሕረት ስትደርስ አስከሬኑ ወጥቷል። በለቅሶው ሰሞን እያንዳንዳቸው የተመረቁትን ቃል በቃል ሲነጋገሩ ትሰማ ነበር። ማንም «አንቺስ?» አላላትም፤ አለማለታቸው ነው አንጀቷን ያሳረረው። የሳቀችው ሳቅም ከጆሮዋ አልወጣ አላት።

ዳንግላ ላይ ያገኘችው እንግዳው የሚባል፣ ድሮ ጌሟን ለስንቱ የጫነ፣ አሮጌ ስልክ ገዝቶ የሚሸጥ ልጅ ነው። ሐሳቧን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ኔትዎርክ የቀመሰ ስልክ ሁሉ አዲሱን ወስዷል። ተስፋሽ ኔትዎርክ በማያውቅ ስልክ ነው።» ትንሽ አሰበ። «አንዲት አራት እጅ የዞረች ስልክ ነበረች፤ ጥጓ የተሰነጠቀ። ፈረሱም ከነስልኩ ነው ሲሸጥ የኖረ። መጨረሻ ላይ ለወይዘሮ ሽታዬ ሸጥኳት፤ ግምጃ ቤት ከተማ ድንች የሚሸጡ ናቸው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ እኔ እዚህ አድርሼሻለሁ፣ ሌላው የራስሽ ነው።»

በማግስቱ የግምጃ ቤት ገበያ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ ከድንቻቸው ኋላ ተቀምጠው፣ ስንጥቅ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈተው አሳዩዋት። ዳማ አለ! አርጅቷል፤ ግንባሩ ሸብቷል፤ ጎኑ ላይ አራት ባለቤት ያወጣበት ጠባሳ አለ።

«ስልኩን ስገዛ ውስጡ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «ገበያው ሲቀዘቅዝ እሱን እጋልባለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።»

ምሕረት ጠይቃቸው መጀመሪያ ጌሙን ብቻ፣ ያለ ፈረሱ፣ በብሉቱዝ ላኩላት። ስልኳ ላይ እንደ ገባ ምሕረት ድምፁ የተቀመጠበትን ፋይል አወቀችው፤ ራሷ ናት ያስቀመጠችው። ማንንም ሳትለምን ፈልቅቃ ልታዳምጠው ትችላለች። ግን አልነካችውም። ያዕቆብ የአባቱን ምርቃት በሌላ ሰው ስም መውሰዱን ከሕፃንነቷ ሰምታለች፤ እሷ እንዲያ ያለ ምርቃት አላማራትም። ሰጪ ሰጥቷት መቀበል ነው የፈለገችው።

«እትዬ፣ ፈረሱን ይሰጡኛል?»

«ዳማዬን?» ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «እሱንስ አልሰጥም ልጄ። ለምደነዋል።»

«ፈረሱ ሲሻገር የሚሰማው ድምፅ የአባቴ ነው። ወንድም እህቶቼ ሁሉ ተመርቀዋል። እኔ ሳልመረቅ ሞቱብኝ።»

ወይዘሮ ሽታዬ የእጃቸውን አፈር በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ስልኩን ከስልኳ አጠገብ አደረጉ።

«ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግሪኝም?»

የማስተላለፊያውን ቁልፍ ነኩት። ዳማ ከበረቱ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከገበያው ጫጫታ መሃል የአቶ ወገኔ ድምፅ ወጣ፤ ትንሽ የሻከረ፣ የማይቸኩል።

«እግርህ አይሰናከል። በሄድክበት ሣሩ ይለምልምልህ። አንተም የተቀበልከው፣ እጅህ ይባረክ፤ ያጠፋኸው ይቅር ይባልልህ። ከቤቴ የወጣ ሁሉ በሰላም ይድረስ።»

ድምፁ አበቃ። «አሜን» የምትለዋ ቁልፍ መስታወቱ ላይ በራች። ቁልፏን የሠራቻት፣ ያጠፋቻትም ምሕረት ናት፤ አሁን ግን እንባዋ ጋርዷት አታያትም። ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«በይ እንጂ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ ቀስ ብለው። «አሜን በይ፤ አባትሽ ልጓሙን ይዘው ቆመዋል።»

ምሕረት ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ድንቹ ፊት፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«አሜን» አለች በአፏ።

ቁልፏን የነካቻት ከዚያ በኋላ ነው።