በካርታው ላይ ሰባት ቁጥር

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የጎብኚዎች መረጃ ክፍሉን በር ከፈተች፤ መስኮቱን ወለወለች፤ ያለፈውን ዓመት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል። የከተማው ሰው ባለካርታዋ ይላታል። "ምን የሚታይ አለ?" ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ጣቷን ከቁጥር ወደ ቁጥር እየወሰደች ታሳያለች፤ አንድ አሮጌው ድልድይ፣ አራት የዓሣ ገበያው፣ ስድስት የሸክላ ሠሪዎች መንገድ፣ ሰባት የጀልባ ሽርሽር። ሰባት ላይ ስትደርስ ጣቷን ቶሎ ታነሳለች።

እዚያ አውራ ጣት የምታህል ፎቶ አለች። መሪውን ይዞ፣ ከፀሐዩ ዓይኑን አጨንቁሮ የሚስቅ ሰው። ባሏ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ "ሞተሩ እየጠፋ ነው" ቢል ባለጀልባው "ጎብኚ ተሰልፎ ምን ሞተር ሞተር ትላለህ!" ብሎ ጀልባውን አስነዳው። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ሞተሩ ጠፋ። ጎብኚዎቹን አንድ በአንድ ወደ ዳር አወጣ፤ እሱን ውሃው ወሰደው። ቤቷ ሌሎች ፎቶዎች አሉ፤ እነሱን ግን የምታያቸው እሷ ብቻ ናት። ይቺን አገር ያያታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሴትዮ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ።

"ተባረኪ ልጄ! ትናንት በላክሽን ጀልባ በሳቅ ልንፈርስ ነበር።"

"ምን አሳቃችሁ እማማ?"

"አስጎብኚው ነዋ! ወንዙ ከሚታጠፍበት ስንደርስ፣ 'እዚህ ጋ አንድ ነጂያችን ጠጥቶ ጠጥቶ አልበቃው ቢል ወንዙን ሊጨምርበት ገባ' አይል መሰለሽ!"

"ተይ እንግዲህ፣ የሞተ ሰው ነው፤" አሉ ባልየው።

ባሏ ጨጓራውን ስለሚያመው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም ነበር። "ድልድዩ ላይ ቀኝ ቀኙን ያዙ፤ ግራው ያንሸራትታል፤" ብላ ሸኘቻቸው። ድምፅዋ አልተለወጠም። ከጠረጴዛው ሥር ግን እጇ እርሳስ ሰብሯል።

አዲሱ ካርታ የመጨረሻ ፊርማዋን እየጠበቀ ፊቷ ተዘርግቷል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የደህንነት ምርመራ ወረቀቱ ያልደረሰ ነገር አይታተምም። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የጀልባው ወረቀት ሲዘገይ "ይመጣል" ብላ የፈረመች እሷ ናት። ሰው ባለጀልባውን ፈርታ መሰለው። የባሏ ፎቶ ከካርታው እንዳትወጣባት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ባለጀልባው ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ።

"የኔ እህት፣ ወረቀቷ ዘንድሮም ትንሽ ትዘገያለች። እንደ ልማዳችን 'ይመጣል' በያትና እንገላገል።"

"ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ምንድን ነው የምታስወራው?"

"እ? እሱን ነው? ቀልድ ነው እኮ! ሰው ዝም ብሎ ውሃ ሲያይ ይሰለቸዋል።"

"አይጠጣም ነበር። ታውቃለህ።"

"ነፍሱን ይማረው፣ አውቃለሁ። ታዲያ ሞተር ጠፋ ልበል? ማን ይሳፈርልኛል?" ሳቀ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፎቶውን አልነካሁብሽም አይደል? ሌላ ቢሆን አዲሱን ነጂ አስነስቶ ይለጥፍ ነበር።"

ለካ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ፎቶ አስሮ ሲነዳት ኖሯል።

"ሂድ፣ አየዋለሁ።"

"ድሮስ አንቺ!" ብሎ እያፏጨ ወጣ።

ከአሥር ተሳፋሪው ዘጠኙ ይህን ካርታ ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። ስልኩን አነሳችና ማተሚያ ቤት ደወለች።

"ሰባት ቁጥር ይውጣ። ወረቀቱ አልደረሰም።"

"ውይ እትዬ! ፎቶውስ?" አለች የማተሚያ ቤቷ ሠራተኛ።

ጣቷን ሰባት ላይ አሳረፈች። "ፎቶውም።"

"እሺ፣ ስምንትን ሰባት ላድርገው?"

"አይሆንም። የቁጥር ሰሌዳዎቹ በየቦታው ተተክለዋል። እንዳለ ተዪው።"

"ባዶ ይሆናላ!"

"ይሁን።"

ፈረመች። ያለፈውን ዓመት ካርታዎች አንድም ሳታስቀር ሰብስባ ወደ ቆሻሻው ካርቶን ከተተች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንጀቷ ቅቤ እስኪጠጣ ጠበቀች። በመስኮቱ የጀልባው ጥሩምባ ተሰማ።

በዘንድሮው ካርታ ላይ ከስድስት ቀጥሎ ስምንት ነው። ጀልባው የለም። መሪውን ይዞ የሚስቀው ሰውም የለም።