አቶ ኤርሳዶ አልቀልጥም አሉ

ሶልያና አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታ ቅርጻ ቅርጽ ማጥናት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሶዶ ያለው ዘመድ ግን ምን እንደምትማር ዛሬም አልገባውም። «ድንጋይ ለመጥረብ አዲስ አበባ ድረስ?» ይላል አባቷ፣ ዳሞታ ተራራን በአገጩ እያመለከተ። ስምምነታቸው አጭር ነበር፤ የመመረቂያ ሥራዋ ከወደቀ ትምህርቱ ይቀርና ሶዶ ተመልሳ የጽሕፈት ሥራ ትማራለች።

የመመረቂያው ሥራ ደግሞ የጉድ ነው። መምህሯ «ቅርጽ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜ ሲያልፍበት የሚታይ ቅርጽ አምጪ» አላት። ማለትም የሠራችው ነገር ካሜራ ፊት እየተለወጠ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀረጻል፤ ሳይቆረጥ፣ የሰው እጅ ሳይነካው። አሰበች አሰበችና፣ የሶዶ ልጅ አይደለች፣ ቅቤ ትዝ አላት። የሰው ራስ በቅቤ ሠርታ ፀሐይ ላይ ልታቀልጥ። ለዚሁ ብላ ሶዶ ወረደች። እዚያ አክስቷ ወይንሸት የቅቤ ነጋዴ ናት፤ «ከሥሩ ትሪ ይደረግ፣ የቀለጠውን አንጥሬ እሸጠዋለሁ» ብላ ስድስት ኪሎ በኮባ ጠቅልላ ሰጠቻት።

ራሱ የማን ይሁን ሲባል፣ ሳይነቃነቅ ለመቀመጥ ትዕግሥት ያለው ሰው አያቷ አቶ ኤርሳዶ ብቻ ሆኑ። «አባባ፣ የእርስዎን ሐውልት በቅቤ ልሠራ ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። መቅለጡን ግን ዋጥ አደረገችው፤ የዚህች ልጅ ጥፋት ይኸው ነው። አቶ ኤርሳዶ ደስታውን አልቻሉትም። በእሳቸው ዘንድ ቅቤ አናት ላይ የሚደረገው ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለተከበረ ሰው ነው፤ ከአናቱ እስከ አገጩ ቅቤ የሆነ ሰውማ ምን ያህል ቢከበር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጡላት። በአራተኛው ቀን የክት ልብሳቸውን፣ ባለ ጥለቱን ዱንጉዛቸውን ለብሰው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ራሱ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መቼም እጇ የተባረከ ነው፤ ግንባራቸው ላይ ካለው መስመር አንድም አልቀራት። ጎረቤቱ አጨበጨበ። ካሜራውን ያዋሳት የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳው ታምራት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽራ ይጠብቀዋል፤ ካሴቱም አንድ ብቻ ነው። ሶልያና ቁልፉን ተጫነች።

ስምንት ደቂቃ ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ጎረቤታቸው አቶ ባዳቾ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ኤርሳዶ፣ አፍንጫህ እየሄደ ነው» አሉ።

እውነትም እየሄደ ነበር። አቶ ኤርሳዶ ተነሥተው ቀረብ ብለው አዩት። የገዛ አፍንጫቸው ከንፈራቸው ላይ ሊደርስ ነው። በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት።

«አባባ፣ አይንኩት፤ ይቅለጥ» አለች ሶልያና በሹክሹክታ።

«ማን ነው የሚቀልጠው?»

«እርስዎ... ማለቴ ቅቤው። ሥራው እኮ እሱ ነው።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩአት። «አራት ዓመት የተማርሽው እኔን በጎረቤት ፊት ለማፍሰስ ነው?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ልበላችሁ። ከጓሮ ትልቅ ኮባ ቆርጠው መጡና ራሱ ላይ ጥላ ይዘው ቆሙ። ሶልያና ካሜራውን እንዳታቆመው ቀረጻው ይቆረጣል፤ እሳቸውን እንዳትጎትታቸው እሷም ካሜራው ውስጥ ትገባለች። ፀሐይዋ ዞር ስትል እሳቸውም ዞር ይላሉ። ጆሮው ሲያዘነብል በሌላው እጃቸው ይደግፉታል። ወይንሸት በበኩሏ «ትሪው ላይ አንድ ማንኪያ አልወረደም፤ እኔ ምኔን ላንጥር» እያለች ታጉረመርማለች። አርባኛው ደቂቃ ላይ ኮባው በአቶ ኤርሳዶ እጅ ዝቅ ዝቅ ይል ጀመር፤ መልሰው ያነሱታል፤ ላባቸው እየተንጠባጠበ ዱንጉዛቸውን አራሰው። ከዳር ሆነው ወንበር እናምጣ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ካሴቱ ጠቅ ብሎ ሲያልቅ የቅቤው ራስ ከነግርማው ነበር።

ሶልያና ያን ቀን አለቀሰች። ካሴቱን ይዛ አዲስ አበባ የሄደችው ሌላ ስለሌላት ብቻ ነው።

አምስት መምህራን ተቀምጠው አዩት። መጀመሪያ ሳቁ፤ አንደኛዋማ እንባዋን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። አርባኛው ደቂቃ ላይ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እስኪያልቅም የተነፈሰ የለም። መምህሯ «ሰውየው ተዋናይ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር፤ «አዎ፣ አስቤበት ነው» ማለት ብቻ ነው።

«አያቴ ናቸው» አለች ሶልያና። «እኔ እንዲቀልጥ ነበር የፈለግሁት። እንደሚቀልጥ ግን አልነገርኳቸውም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

መምህሩ ወረቀቱ ላይ «የሰው እጅ ሳይነካው» የሚለውን የራሱን መመሪያ ሰረዘና ከሥሩ ማለፏን ጻፈ።

ሮጣ ወጥታ ሶዶ ደወለች።

«አባባ፣ አለፍን።»

«እኔማ ማለፌን አውቃለሁ» አሉ አቶ ኤርሳዶ። «ያሳሰብሽኝ አንቺ ነሽ።»