ቁጥሩንማ አውቀዋለሁ

ሃረገወይን ሬድዮውን የመረጠችው ድምፁን እንኳ ሳትሰማ ነበር። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ዳር የዱባይ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሙዘሚል ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባንኮኒው ኋላ የምትገኘው ግን የወንድሙ ልጅ ራህማ ናት። በበሩ መስታወት ላይ የባንክ ካርድ ሥዕል ተለጥፏል። በዚያ ዘመን፣ በ1989 ዓ.ም.፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በቀር ካርድ የሚቀበል ቤት እንደ ልብ አይገኝም። ሃረገወይንም ሥዕሉን አይታ ነው መኪናዋን ያቆመችው።

«ይሄ የሩቅ ጣቢያ ይይዛል?»

«ይይዛል እትዬ። አጭር ሞገድ አለው፤ አውሮፓንም ዓረብ አገርንም ያመጣል።»

«እንግዲያው እሱን ስጪኝ» ብላ ካርዱን አቀበለቻት።

ራህማ ካርዱን ከአንዲት የብረት ማሽን ላይ አስቀምጣ፣ ባለ ካርቦኑን ወረቀት ደርባበት፣ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ጎተተችው። የካርዱ ስም ወረቀቱ ላይ ታተመ። እስክሪብቶ ሰጠቻት። ሃረገወይን ፈረመች። ልጅቱ ካርዱን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ፊርማ አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ እንደገና ካርዱን አየች።

«እትዬ፣ ይሄ የርስዎ ነው?»

«የባለቤቴ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እሳቸው ናቸው መፈረም ያለባቸው።»

«ፓሪስ እያለን በዚሁ ካርድ ነበር የምገበያየው። እዚያ ማንም ፈርሚ አይልሽም፤ አራት ቁጥር ትጫኛለሽ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቁጥሩንማ አውቀዋለሁ።»

ራህማ ፈገግ አለች፤ ፌዝ ግን አልነበረበትም። «ቁጥር እኮ የሰማ ሁሉ ሊያውቀው ይችላል። ፊርማ ግን የሰውየው እጅ ነው። ደግሞ እኛ ጋ ቁጥር የሚጫኑበት ነገር የለም፤ ያለን ይቺ ብረት ናት።»

«የሰማ ሁሉ አይደለሁም። የነገረኝ እሱ ነው።»

«አምንዎታለሁ እትዬ። ባንኩ ነው የማያምነን። ለምን ይዘዋቸው አይመጡም? ሬድዮውን አስቀምጥልዎታለሁ።»

ሃረገወይን ታሟል ማለት አልፈለገችም። «እሺ፣ ይዤው እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

ባሏ ዘርአጽዮን ፓሪስ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ መሐንዲስ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ጡረታ ሲወጣ አገራችን እንግባ ብሎ ሲኤምሲ ቤት ገዙ። ገብተው ግድግዳው ላይ ሥዕል እንኳ ሳይሰቅሉ ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፤ አንደበቱ ተዘጋ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠያቂ ቤቱን ሞልቶት ነበር። መቀሌ ያሉት ዘመዶቹ መጥተው ሰነበቱ። ኋላ ግን ሰዉ ወደየኑሮው ተመለሰ። እውነት ለመናገር፣ የማይመልስ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ማውራት ለማንም ይከብዳል።

ለሃረገወይንም ከብዷት ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉን ትነግረው ነበር፤ ዛሬ ገበያው እንዲህ ነው፣ ውሃ ጠፋ፣ መብራት መጣ እያለች። ዓይኑ መስኮቱን ያያል እንጂ እሷን አያይም። ውሎ ሲያድር ወሬዋ አጠረ፤ ከዚያ «ብላ»፣ «ዙር»፣ «ተኛ» ብቻ ቀረ። ከዚያም እሱም ቀረ። ማንኪያውን ወደ አፉ ስታቀርብ ራሱ ይከፍታል፤ ምን ቃል ያስፈልጋል? አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ጉሮሮዋን ስትጠርግ የራሷ ድምፅ ያስደነግጣታል። ሬድዮውን የፈለገችውም ለዚህ ነው። እሱ ድሮ የፈረንሳይኛ ዜና ሳይሰማ ቁርስ አይበላም ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው እቤታችን ውስጥ ይናገር ብላ ነው።

ከሱቁ በተመለሰችበት ዕለት የካርዱን ጀርባ አስደግፋ ፊርማውን ለማስመሰል ሞከረች። መጀመሪያ ተንጋደደባት። ቆይቶ እጇ ለመደው፤ ያ ረጅም የ«ዘ» ጅራት፣ መጨረሻ ላይ ያለችው እጥፋት ሳትቀር ወጣችላት። ሌላ ሱቅ ሄዳ ብትሞክር ማንም አይለይባትም ነበር። ቀና ስትል ግን ዘርአጽዮን ከወንበሩ ላይ አያት መሰላት። ይያት አይያት አታውቅም። ሰውየው በቁሙ እያለ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ እየተነፈሰ፣ እጁን የወሰደችበት መስሎ ተሰማት። ወረቀቱን ከሰል ማንደጃው ውስጥ ጨመረችው።

በማግሥቱ ሸሚዙን አለበሰችው፣ ጺሙን ላጨችው፣ የግቢያቸው ዘበኛ ደግፎላት መኪና ውስጥ አስገቡት። ከታመመ ወዲህ ከሐኪም ቤት በቀር የትም ሄዶ አያውቅም። መንገዱን ሁሉ ግንባሩን ከመስታወቱ አስደግፎ ሄደ። ሃረገወይን ከሱቁ በር ፊት አቁማ ብቻዋን ገባች።

«መጥቷል» አለቻት ራህማን። «ግን መውረድ አይችልም። ታሟል።»

ልጅቱ ፊቷ ተለወጠ። «ምነው ትናንት ቢነግሩኝ! በአላህ፣ ሰው አላንገላታም ነበር።» ማሽኗን ጎትታ አዲስ ወረቀት አተመችና፣ ከሥሩ ካርቶን ይዛ ወደ መኪናው ወጣች። በሩን ከፍታ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሃረገወይን በሌላው በር ገብታ እስክሪብቶውን ግራ እጁ ላይ አስያዘችው። «ዘርኡ፣ ፈርም» አለችው። ስሙን ከጠራችው ስንት ጊዜዋ!

 ሚኒባሶች እየጮሁ ያልፋሉ፤ ራህማ ካርቶኑን እንደያዘች ትጠብቃለች። ከዚያ ጣቶቹ ጠበቅ አሉ። ወረቀቱ ላይ በዝግታ አንድ ነገር ጻፈ። አረፈ። ቀጥሎ ሌላ ጻፈ።

ራህማ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረች። «ፊርማ አይደለም እኮ እትዬ። ጭረት ነው... ወይስ ቁጥር ነው?»

ሃረገወይን አየችው። አራት ቁጥር ነው። ባንኩ ያወጣላቸው፣ ልደትም ሠርግም የማይጠቁም፣ ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር። ካርዱ የወጣ ሰሞን፣ እንዳትረሳው ብሎ፣ ፓሪስ ያለውን የቤታቸውን ደረጃ ሲወርዱ በየእርምጃው እያስቆጠራት፣ እሷ ስትሳሳት እሱ እየሳቀ ያስጠናት ያ ቁጥር። ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው ሰው በዓለም ላይ የለም። ፈርም ሲሉት፣ የተጻፈውን ሳያነብ፣ ቃሉን ይረዳው አይረዳው ሳይታወቅ፣ ድሮ ሲከፍል የሚሰጠውን ቁጥር ሰጣቸው።

«ምን ብሎ ነው?» አለች ራህማ።

ሃረገወይን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከዓመት በኋላ ባሌ ተናገረ ብላ መንገድ ላይ ብትጮህ ደስ ባላት ነበር። ግን ምን ብላ? ይሄ ቁጥር የሚነገር አይደለም።

«ምንም አይደለም» አለች። «ቅደጂው።»

«ፊርማው ካልሆነ መቀደዱ አይቀርም፤ ግን...»

«አሁኑኑ፣ እኔው ፊት። አድቅቀሽ ቅደጂው፣ የኔ ልጅ።»

ራህማ ቀደደችው። ሃረገወይን ቁርጥራጩ ከልጅቱ መዳፍ ውስጥ እስኪደቅ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም፤ እንባዋ ግን ይወርድ ነበር። ልጅቱ በሬድዮው ያዘነች መስሏት «አይዞዎት፣ ከአጎቴ ጋር ተነጋግረን አንድ መላ እንፈልጋለን» አለቻት። ሃረገወይን አመሰገነቻት። መኪናውን አስነስታ ጥቂት እንደሄዱ ዳር ይዛ ቆመችና ወደ ባሏ ዞረች።

«አስታወስከው አይደል? ዘርኡ፣ አለህ እንዴ?»

ዘርአጽዮን መንገዱን ያያል።

ቤት እንደገቡ ወረቀት ዘርግታ እስክሪብቶውን አስያዘችው። «እኔ ማነኝ?» አለችው። ቁጥሩን ጻፈ። «በርዶሃል?» ቁጥሩን ጻፈ። «ወደ ፓሪስ እንመለስ?» ያንኑ ጻፈ። ቤቱ እስኪጨልም ጠየቀችው፤ እሱም እስኪደክመው መለሰላት፤ መልሱ ግን አንድ ነበር። ለሚያክመው ሐኪም ስትነግረው፣ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እጅ የለመደውን አይረሳም፤ ያስባል ማለት ግን አይደለም» አላት። እሷ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አልገለጸችለትም፤ የድሮ ስልካችን ነው ብላው ነበር።

ከፓሪስ የተረፈ ገንዘብ መንዝራ ሬድዮውን በኋላ ገዛችው። ፈረንሳይኛው ሲመጣ ዘርአጽዮን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ሦስት ቀን ሞክራ ተወችው። እስክሪብቶውንም ክረምቱ ሲገባ መያዝ አቆመ፤ ብታስይዘው ከጣቶቹ መሃል ሾልኮ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ አላስቸገረችውም።

ማውራቱን ግን አልተወችም። ሐኪሙ ልክ ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ከዚያ ዝምታ ውስጥ የሁለታቸውን ነገር ያወጣ ሰው፣ እየሰማ ዝም ቢባል ነውር ሆኖ ታያት። ስታበላው ታወራዋለች፤ ስታጥበው ታወራዋለች። ፊርማውን ልታስመስል እንደሞከረችም ሳትደብቅ ነገረችው። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

አንድ ቀን የአጥር ጎረቤቷ የሺመቤት በር ላይ አግኝታት «እንግዳ መጥቶልሽ ነው ወይ? ሰሞኑን ወሬ እሰማለሁ» አለቻት።

«የለም፤ ከባለቤቴ ጋር ነው።»

«እልል! መናገር ጀመረ እንዴ?»

«አይ፣ አልጀመረም» አለች ሃረገወይን። የሺመቤት ነጠላዋን አስተካከለች። ሃረገወይንም የገዛችው ዳቦ በዝናቡ እንዳይበሰብስባት በጃንጥላዋ ከልላ ወደ ቤቷ ገባች።