የግዛቸው አዞ

ጋሽ ከፈለኝ ቦንጋ ገበያ ማር ሲሸጥ፣ ገዢው ግማሹን የሚከፍለው ለወሬው ነው። ጎሽ ጋልቦ ሺሺንዳ ከተማ ቁርሱን በልቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ማንኪራ ያሉት ንቦቹም ሲርባቸው በስሙ ይጠሩታል። ማንም አያምነውም፤ ማንም ግን «በቃህ» አይለውም።

ያን ቀን ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሟች ወንድሙ የግዛቸው ስም እንዲጻፍለት።

የሰፈሩ ልጅ አብርሆት አዲስ አበባ የአሜሪካን ታሪክ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ በንጉሡ ጊዜ እዚህ መጥተው ስላስተማሩ አሜሪካውያን ነው። መምህሯ «ከመጽሐፍ አትገልብጪ፤ የጊዜውን ደብዳቤ አንብቢ፣ በዓይኑ ያየውን ጠይቂ» ብሏታል። ቴፗን ከማሩ ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጠች።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ያዩትን ብቻ፣ እሺ?»

«ያየሁትን ብቻ!» አለና ጀመረ። ወንድሙ የፈረንጁን መምህር የመጽሐፍ ሣጥን አዝሎ ወደ ማንኪራ ሲሻገር ወንዝ ውስጥ ቀረ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ አዞው መጣ። ርዝመቱ ከዚህ እስከ መናኸሪያው!

አብርሆት ቴፑን አጠፋችው። «እዚያ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ምን አዞ አለ?»

«ላቀችን ጠይቂያት!»

ከጎኑ ኮረሪማ የምትሸጠው እትዬ ላቀች አላንገራገረችም። «አዞ ነው የበላው። ለቅሶው ላይ ነበርኩ።»

አብርሆት የደብዳቤ ቅጂ አወጣች። ፈረንጁ መምህር ያኔ ለእናቱ የጻፈው ነው፤ ቤተሰቡ ከአሜሪካ ልኮላታል። ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። «ውሃው እስከ ወገብ ነበር። ሣጥኑ ወደቀና መጽሐፎቼ በሙሉ ጠፉ። በጣም አዘንኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስለ ዝናቡ ነው የሚያወራው።»

«ሣጥኑን ማን አዝሎት ነበር ይላል?»

«አይልም፣ ጋሽ ከፈለኝ።»

ከፈለኝ ድምፁ ወረደ። «አዞ አልነበረም። ድንጋይ አዳለጠው። ሣጥኑ ጀርባው ላይ በጠፍር ታስሮ ነበር፤ ተጫነው፣ ሳይነሣ ቀረ። እኔ ከዳር ሮጬ ስደርስ… ለእናቴ ምን ልበላት? ያን የመሰለ ጎረምሳ በወገብ ውሃ፣ ወረቀት ተጭኖት ሞተ ልበላት? አዞ ሰጠኋት። ‹ታግሎ ነው የሞተው› እያለች አለቀሰች።»

«ኧረ ውሸቱን ነው!» ላቀች ተቆጣች። «ደሞ ዛሬ አዞውን ሊክድ ነው? አያድርስ!» ገበያተኛው ሳቀ።

«ሌላ ያየ ሰው አለ?» አለች አብርሆት ቀስ ብላ።

«መምህሩ። እና እኔ።»

«እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ደብዳቤው የሰው ስም አያነሣም። ምስክሯ አዞ ትላለች። እርስዎ ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

«እኔ ደግሞ ከፈለኝ ነኝ።»

ቴፗን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ደብዳቤውን ልታጥፍ ስትል እጇን ያዛት።

«‹ሣጥኑ ወደቀ› የሚለው የቱ ጋ ነው?»

መስመሩን አሳየችው። ማንበብ የማይችለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ግዛቸው እዚህ ጋ ነው ያለው» አለ። «እዚህ፣ ከሥሩ።»

ጣቱን አላነሣም። እሷም ወረቀቱን አልሳበችም።