በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ጣውንት

ማዳም አፖንዲ ኪሱሙ ውስጥ፣ ከሬሳ ቤቱ አጥር ማዶ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረቻት። ቦታውን አውቃ ነው የመረጠችው። እዚያ አገር ሰው ያለ መጽሔት አይቀበርም። የሟች የሕይወት ታሪክ፣ የሚስቶቹና የልጆቹ ፎቶ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ሁሉም ታትሞ ለቀብረኛው ይታደላል። ቀብር ቅዳሜ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ እሷ ቤት መቆሚያ አይገኝም።

ኮምፒውተሯ አንድ ነው። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለት የጽሕፈት ፕሮግራም ተጭኗል፤ አንዱ የአሥራ ምናምን ዓመት፣ ሌላው የአምና። አሮጌውን እንዳትጥለው፣ ነፍሱን ይማረውና ወንድሟ ወረቀቱ ሲታጠፍ ተራቸው እንዲጠበቅ ገጾችን ለእጥፍ የሚደረድር ቅንብር ሠርቶላት ነበር፤ ቅንብሩ የሚሠራው በአሮጌው ብቻ ነው። አዲሱን እንዳትጥለው፣ ደንበኛ በፍላሽ ይዞ የሚመጣው ጽሑፍ በአሮጌው ሲከፈት ቅርጹ ይፈርሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን የጫነላት ጠጋኙ ኦሎ «አታስቢ፣ በሰላም ይኖራሉ» ብሏት ነበር። ኦሎ ባለ አንድ ሚስት ነው።

አፖንዲ አንዷን «አሮጊቷ»፣ ሌላዋን «ሙሽራዋ» ትላቸዋለች። ሙሽራዋን አገልግላ ወደ አሮጊቷ ስትመለስ፣ አሮጊቷ ጣውንቷ ዕቃዋን የነካካችባት ይመስል ቤቱን ከሥር ጀምሮ ታስተካክላለች። «በማዘጋጀት ላይ ነኝ፤ እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አምስት ደቂቃ። ወደ ሙሽራዋ ስትመለስ ደግሞ እሷም በተራዋ እንዲሁ። አምስት ደቂቃ። ትዕግሥቷ አልቆ «አቋርጥ» የሚለውን ከተጫነች ስድስት ደቂቃ ይሆናል።

ያን ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አኬሎ ገባች። የሟቹ የሽማግሌው ኦቢዬሮ ልጅ ናት፣ ከሁለተኛዋ ሚስቱ የተወለደች። መጽሔቱን ናይሮቢ ቁጭ ብላ ራሷ አሰናድታ በፍላሽ ይዛ መጥታለች። ወንድሟ ኦጉቱ እግር በእግር ተከትሏት ገባ፤ የትልቋ ሚስት የበኩር ልጅና የቀብሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሷል።

«የሴሜ ልጅ፣ ሬሳው ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤» አላት አፖንዲን በተወለደችበት አገር ስም ጠርቶ። «ሁለት መቶ ቅጂ አብሮን ይሄዳል። ደግሞ አንድ ነገር ስሚ። እናቴ ትቀድማለች። አምና ጎረቤታችን ሲሞት ትንሿ ሚስት ቀድማ ታትማ፣ የትልቋ ቤት ሰዎች ‘ሣጥኑ አይነሣም’ ብለው እላዩ ላይ ተቀመጡበት። እስከ ማክሰኞ።»

«ይሄ ጠፍቶኝ ነው?» አለች አኬሎ። «ያንተ እናት ከላይ፣ የኔ እናት ከታች። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

አፖንዲ በሙሽራዋ ከፈተችው። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። እውነትም የመሐለኛው ገጽ ላይ ትልቋ ከላይ፣ ትንሿ ከታች ተቀምጠዋል።

«በቃ፣ አትሚ፤» አለ ኦጉቱ።

«ለእጥፍ መደርደር አለበት። ያን የምታውቀው አሮጊቷ ናት።»

«ታዲያ ጥሪያታ!» አለ ወደ ጓዳው እያየ።

አሮጊቷ ተጠራች። አምስት ደቂቃ አዘጋጀች። ከዚያ የመሐለኛው ገጽ ብቅ ሲል ትንሿ ሚስት ከላይ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች፤ ትልቋ ወደሚቀጥለው ገጽ ተንሸራታ፣ በልጅ ልጆች ስም ዝርዝርና በሽማግሌው ኮርማ ፎቶ መካከል ተወሽቃለች።

ኦጉቱ ኮቱን አወለቀ።

«አኬሎ።»

«እኔ አይደለሁም!»

«ሦስት ሳምንት ናይሮቢ ተቀምጠሽ የሸረብሽው ይሄን ነው?»

«አሁን በዓይንህ አላየህም እንዴ?»

«ያየሁትማ ማሳያውን ነው። በምርጫም ጊዜ ማሳያው ደህና ነበር፤ የወጣው ውጤት ግን ሌላ።»

አፖንዲ ትንሿን ይዛ ወደ ታች ጎተተቻት። ትንሿ አልወረደችም፤ ዘልላ ሽፋኑ ላይ፣ ከሟቹ አጠገብ ዐረፈች።

«ይኸው!» አለ ኦጉቱ። «አሁንስ እናትሽ አልጋው ላይ ወጣች።»

ወደ ሙሽራዋ ተመለሱ። አምስት ደቂቃ። አስተካከሉ። ወደ አሮጊቷ። አምስት ደቂቃ። ትልቋ እንደገና ኮርማው ጋ። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ ፋይሉን ስትነካ ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም፤ አሮጊቷን ስትጠብቅ ሙሽራዋ ከች ትላለች፣ ከነአምስት ደቂቃዋ። ከተሰለፉት መካከል አንድ ወፍራም መምህር «አጥፍተሽ አብሪው» አለ። አጥፍታ አበራችው። ሁለቱም ይዘጋጁ ጀመር።

በዚህ መሐል የኦጉቱ ስልክ ጮኸ። የምትደውለው ትልቋ ራሷ ናት፤ ድምፅዋ ለተሰለፈው ሁሉ ይሰማል።

«ከላይ ነኝ?»

ኦጉቱ ማሳያውን አየ። ኮርማው እናቱን በቀንዱ ሊነካት ምንም አልቀረው።

«ከላይ ነሽ እማ፤» አላት።

አምስት ሰዓት ሞላ። አፖንዲ ብድግ አለች።

«መቀስ፤» አለች። «ሙጫም።»

የሴቶቹን ፎቶ በሙሽራዋ አተመች። ጽሑፉን በአሮጊቷ፣ የመሐለኛውን ገጽ ባዶ ትታ። ፎቶዎቹን ቆርጣ ባዶው ወረቀት ላይ ልታኖራቸው ስትል ወንድምና እኅት አዲስ ጠብ ጀመሩ፤ አኬሎ የእናቷ ፎቶ ከኦጉቱ እናት በአንድ ጣት ያንሳል አለች፤ ኦጉቱ ቢያንስ ነው የሚገባው አለ።

«ዝም በሉ!» አለች አፖንዲ። «ግቢያችሁ ስትገቡ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ቤት የማን ነው?»

«የእናቴ፤» አለ ኦጉቱ።

«ከእሱ በስተቀኝስ?»

«የእናቴ፤» አለች አኬሎ።

«አባታችሁ እንደሠራው አድርጌ ነው የምለጥፈው። አባቱ በሠራው ቤት የሚከራከር ይውጣና እዚያ ማዶ ሄዶ ሟቹን ራሱን ይጠይቀው።» በአገጯ ወደ ሬሳ ቤቱ ጠቆመች።

ማንም አልወጣም። ለጠፈቻቸው። ሙጫ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይንሸራተትም። የፎቶ ኮፒው ክዳን ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ወረቀቱን ጠርዙን ይዛ በእጇ ተጭና አንድ ዋና ቅጂ አወጣች፤ ሁለት መቶው ከእሱ ተባዛ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሬሳ መኪናው ጡሩንባውን እየነፋ፣ አኬሎና ኦጉቱ ካርቶኑን ተሸክመው ሮጡ።

አፖንዲ የተረፈውን ቅጂ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ከትልቋ በስተግራ፣ ሦስተኛ ሚስት ብትኖር ቤቷ በሚሠራበት ቦታ፣ የራሷ አውራ ጣት ታትሞ ቁጭ ብሏል። ጠቁሮ፣ ሞላላ ሆኖ፣ ሻሽ አስራ በጥላ ውስጥ ፎቶ የተነሣች ሴት ይመስላል። «ልቅሶ ላይ ማን ያያል» ብላ አስቀመጠችው።

ሰኞ ጠዋት ኦጉቱና አኬሎ አብረው መጡ። አብረው መምጣታቸውን አፖንዲ ልብ አለች። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ።

«ቀብሩ እንዴት ነበር?»

«እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም፤» አለ ኦጉቱ። «ሁለቱ እናቶቻችን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው የዋሉት።»

«አንድ ላይ ሆነው ያቺን ሴት ሲፈልጉ፤» አለች አኬሎ።

«የቷን ሴት?»

«በስተግራ ያለችውን። አባታችን ሦስተኛ ሚስት ደብቆ ኖሯል! አክስታችን እንዲያውም አወቀቻት፤ የሲያያ ሴት ናት፣ ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች አለች። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ለእሱ ክብር ስል ነው አለችን።»

አፖንዲ አውራ ጣቷን ጠረጴዛው ሥር አደረገች።

«በወረቀቱ ላይ ፊቷ አይለይም፤» አለ ኦጉቱ ወንበሩን ወደ ማሳያው እያስጠጋ። «ፋይሉን ክፈቺልንና በደንብ እንያት። እናቶቻችን ታክሲ ውስጥ እየጠበቁ ነው። ከዚህ ወደ ሲያያ ነን።»

አፖንዲ ፋይሉን ነካች። «በማዘጋጀት ላይ ነኝ፤ እባክዎ ይጠብቁ።»

ማሳያውን አየች፤ ወንድምና እኅቱን ጎን ለጎን አየች። የምትለውን ለማሰብ አምስት ደቂቃ አይበቃትም ነበር። «አቋርጥ» የሚለውን ተጫነች።