የጠመመው እግር ዋጋ

ዕለቱ ሮብ፣ ቦታው የሮቤ ገበያ ነበር። ወለተኢየሱስ ጎንበስ ብላ ጨው ስታማርጥ እትዬ እኅተማርያም ከኋላዋ መጡና የነጠላዋን ጫፍ ጨምድደው ያዙ። «በሕግ አምላክ፤ ጊደሬን ሳትሰጪ ንቅንቅ አትይም» አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ዞር አለ። ሰው መቼም ሙግት ካየ ሸቀጡንም ይረሳል።

እትዬ እኅተማርያም ወጌሻ ናቸው። ጦሩን ተከትለው ከሸዋ መጥተው ጎባ የሰፈሩ፣ ባል የሌላቸው፣ ምላሳቸው የሚፋጅ ሴት። በዚያ አገር ከሰፈረው ሰው የተሰበረ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ወለተኢየሱስም ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ የሻያን ወንዝ ስትሻገር ከተዋሰችው ፈረስ ወድቃ ቅልጥሟ ሲሰበር፣ በቀርከሃ ስንጣቂ ያሰሩላት እሳቸው ናቸው። ዋጋው አንዲት ጊደር ነበር። እግሩ መዳንስ ዳነ፤ ግን ጠሞ ዳነ። ሁለት ጣት አጥሮ፣ ወደ ውጭ ወልገድ ብሎ።

«ለወልጋዳ እግር ጊደር አልከፍልም» አለች ወለተኢየሱስ። «ሞቼ እገኛለሁ።»

ነገሩ እንኳ የጊደር አልነበረም። ባሏ በየነ በዘመቻው መጥቶ፣ መሬት ከነገባሩ ተመርቶለት ባሌ ከቀረ ሰባት ዓመቱ ነው። እሷም ሰባት ዓመት ሙሉ መንዝ የቀረች እናቷን አላየችም። የእናቷ ዓይን እየደከመ መሄዱን መንገደኛ ነግሯታል። ዘንድሮ በየነ ፈቃድ አግኝቷል፤ መስቀል እንዳለፈ ወደ ሸዋ ከሚወጡት ጋር ሊሄዱ ነው። በቅሏቸው አንዲት ናት፤ እሷም ስንቅ ጫኝ። መንገዱ በእግር ከወር በላይ ይፈጃል። ጎባ ደርሶ መመለስ ያቃታት ሴት ምን ሆና መንዝ ትገባለች? ወለተኢየሱስ ይህን ስታስብ ሆዷ ይባባል፤ ሆዷ ሲባባ ደግሞ ትቆጣለች።

በዚያ ዘመን ሙግት የገጠሙ ሰዎች ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት፤ ቁራኛ ይባላል። ሁለቱም ተቋጠሩና ዳኛው ወዳሉበት ወደ ጎባ መንገድ ጀመሩ። አሮጊቷ ፈጣን ናቸው። ገና ከገበያው ሳይወጡ ቋጠሮው ወለተኢየሱስን ጎትቶ ሊጥላት ደረሰ። ቀስ አሉ። እንደገና ቀስ አሉ። ባነከሰች ቁጥር ነጠላው ትከሻቸውን ሳብ ያደርገዋል። ጥቂት እንደሄዱ እትዬ እኅተማርያም ክንዳቸውን በብብቷ ሥር አስገቡ። ወለተኢየሱስ ልትመነጭቃቸው አሰበች፤ ግን እውነቱን ለመናገር ድጋፉ ደስ አላት። የምትሟገቺው ሰው ደግፎሽ ሲሄድ ምን ትያለሽ? ተደግፎ መሄድ ነው እንጂ።

አጋማሹ ላይ ግራዝማች ተሰማ በበቅሎ ሲመጡ አገኟቸው። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገደኛን ዳኛ ማድረግም የአገሩ ልማድ ነውና እትዬ እኅተማርያም «በንጉሥ አምላክ፣ ይዳኙን» ብለው አስቆሟቸው። ግራዝማች በረጅሙ ተነፈሱና ወረዱ። ምሳቸው ታይቷቸው ነበር መሰለኝ።

«እግሬን አጣመሙት፤ ዋጋ አይገባቸውም» አለች ወለተኢየሱስ።

«ያዘዝኋትን ባታደርግ ነው የጠመመው» አሉ እትዬ እኅተማርያም። «አጥንት ያለ ወተት አይጠናም ብያታለሁ። ማለዳ ማለዳ ጠጥቻለሁ ብላ በማርያም ስም ትማል። ከማለች ጊደሬ ይቅርብኝ።»

ወለተኢየሱስ እንዴት ትማል? ነፍስ አባቷ ለታመመ ሰው ጾም የለም ብለው ፈትተዋት ነበር። ጎረቤቷ የሆነችው የገባራቸው ሚስት ማንም ሳያዛት፣ ግብርም ሳይሆንባት፣ በየማለዳው ወተት በቅል ይዛ ትመጣ ነበር። «ዱጊ፣ ዱጊ» ትላታለች፤ ጠጪ፣ ጠጪ ማለቷ ነው። ወለተኢየሱስ ግን ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠብቃ ለውሻው ታፈስሰዋለች። ለማርያም ተስላ ነበር፤ ጾሜን አንዲት ቀን ሳልገድፍ ብጨርስ እናቴን አሳዪኝ ብላ።

«አልጠጣሁም» አለች በመጨረሻ። «እናቴን ለማየት ስል ጾምሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው ለራሷም የገባት፤ እናቷ ዘንድ የሚያደርሳትን እግር በገዛ እጇ ነው ያስቀረችው። እዚያው መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቋጠሮው እትዬ እኅተማርያምንም ጎትቶ አስቀመጣቸው።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጊደሯ የወጌሻዋ ናት።»

«ይቆዩ፣ እኔም አልጨረስሁም» አሉ እትዬ እኅተማርያም። ወለተኢየሱስን እንጂ ዳኛውን አላዩም። «በሦስተኛው ሳምንት አጥንቱ መጥመሙን እጄ አውቆት ነበር። ያኔውኑ ሰብሬ እንደገና ማሰር ነበረብኝ። ገና ስነካሽ ‹እናቴ፣ ድረሽልኝ› አልሽ። ስንቱን ጎረምሳ እያስጮኽሁ ያሰርሁ ሴትዮ፣ እጄ ከዳኝ። አንጀቴን በላሽው። ይቃናል ብዬ ራሴን ሸንግዬ ሸፈንሁት።»

ግራዝማች አንዴ ይህችን፣ አንዴ ያቺን አዩ። «ታዲያ እኔን ምን ልሁን ብላችሁ አስቆማችሁኝ?» አሉና፣ ጊደሯ እግሩ እስኪቃና ባለችበት ትቆይ ብለው ፈርደው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወለተኢየሱስ አፍንጫዋን ጠረገች። «አሁንስ ቢሰበር ይቃናል?»

እትዬ እኅተማርያም ቅልጥሟን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «አጥንቱ ገና ለጋ ነው። ጾሙም አልፏል፤ ወተቱን ከጠጣሽ ለመስቀል ይደርሳል።»

«ያማል?»

«ከፊተኛው ይብሳል። እኔ ግን እንጃ፤ መቻሌንም አላውቅ።»

በማግሥቱ ማለዳ፣ በወለተኢየሱስ ቤት፣ በየነ ትከሻዋን፣ ጎረቤቷ ጉልበቷን ያዙ። እትዬ እኅተማርያም ቅልጥሟን በቅቤ አሹት፤ ደግመው አሹት፤ ማሸቱ አላልቅ አለ።

«አይዞዎት፣ እትዬ» አለች ወለተኢየሱስ። «እናቴን አልጠራም።»

ጨርቅ አጣጥፋ አፏ ውስጥ ጨመረችና ነከሰች። እትዬ እኅተማርያም አማተቡ። አጥንቱ ቀጭ ሲል እዚያ ቤት የተሰማው የእሳቸው ለቅሶ ብቻ ነበር።